የሉማሜው ቶርኖ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የብረት በር ያሠራ ሰው አለበልን ያውቀዋል። ቀጠሮ የማያከብር፣ ሥራው ግን የማይነቀነቅ፣ ከሰው ጋር ሲነጋገር አንድ ዓይኑን ጨፈን የሚያደርግ ሰው ነው። ንቀት እንዳይመስላችሁ። ዕድሜውን ሙሉ ብየዳ ላይ ጎንብሶ የኖረ ሰው ዓይን ነው። መከላከያ መነጽር አለው፤ ሥራዋ ትንሽ ከሆነች ግን "ለዚች ብቻ" ይልና ይተወዋል። ለዚች ብቻ፣ ለዚች ብቻ ሲል ዓይኑ አሸዋ እንደገባበት እየቆረቆረው ሐኪም ዘንድ ደረሰ። ሐኪሟ አላባበለችውም። ብየዳውን ካልተውህ ዓይንህ ይተውሃል አለችው።

መተው ለአፍ ቀላል ነው። አለበል ሌላ ምን ያውቃል? አባቱ ደብረ ኤልያስ ገጠር አራሽ ነበሩ፤ ልጃቸው ብረት ሲይዝ "ከዘራችን ቀጥቃጭ የለም" ብለው መሬቱን ለታናሽየው ሰጥተውበታል። ስለዚህ ወደ ሞፈር መመለሻ የለም። የታየው መላ አንድ ብቻ ነበር፤ ቶርኖ። ቶርኖ ብረቱን ነክሶ እያሽከረከረ እንደ ድንች የሚልጥ ማሽን ነው። እሳት የለው፣ ብልጭታ የለው፣ ዓይን አይበላ። የወፍጮ ባለቤቶች የተበላ ሻፍት፣ ወፍጮ የሚያዞረውን ዘንግ፣ ተሸክመው ወረፋ ሲጠብቁ ስንቴ አይቷቸዋል! ጓሮው ውስጥ አንድ ቶርኖ ቢተክል፣ ዓይኑም ይተርፋል፣ እንጀራውም ይተርፋል። ባይተክል አንዱን መምረጥ አለበት። አዲሱን መግዛት ግን የማይሞከር ነው፤ አሮጌ ያፈላልግ ጀመር።

ወሬውን ያመጣለት ይታያል ነው። ይታያል ሉማሜ፣ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ሻይ ቤት ያለው የድሮ ደንበኛው ነው። መሪጌታ ወልደ ሰንበት ግቢ ልጃቸው እንዳላማው ይሠራበት የነበረ ቶርኖ አለ፣ ሊሸጡት ነው አለው በስልክ። አለበል፣ ልጁስ የት ሄዶ ነው አባት የሚሸጡት ብሎ ጠየቀ። ይታያልን ሳል ያዘው። ሳሉ አላቆም ሲል "ኔትወርኩ ነው" አለና ዘጋው። ኔትወርክ የሚያስላቸው ሰዎች መኖራቸውን አለበል ያን ቀን ነው ያወቀው።

ዐቢይ ጾም ሊገባደድ ሲል ተሳፍሮ ሄደ። መሪጌታ ረዥም፣ ቀጭን፣ ጥምጥማቸው እንደ ወተት የነጣ ሰው ናቸው። በር ላይ ሰላምታውን በግማሽ ተቀብለው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ በጓሮ በኩል አስገቡት። የሚሸጥ ዕቃ ሊያሳዩ ሳይሆን የሰረቁትን ሊያካፍሉት የወሰዱት መሰለው።

ቶርኖው ቆርቆሮ ክዳን ካለው ዳስ ውስጥ፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሶ ቆሟል። አለበል ነጠላውን ገለጥ ሲያደርግ ግራ ገባው። ባለቤቱ የሌለ ማሽን አቧራ ይለብሳል፣ ዝገት ይጀምረዋል፤ ይኼ ግን ዘይት ጠግቦ ያበራል። ማን ነው የሚያጸዳው ቢል መሪጌታ "እሷ ናት" ብለው በአገጫቸው ወደ ቤቱ አመለከቱ። መቁረጫው የሚንሸራተትበትን ሐዲድ፣ ብረቱን የሚነክሰው መንጋጋ አጠገብ ያለውን፣ በጥፍሩ ፈተገው። አሮጌ ቶርኖ የሚበላው እዚያ ላይ ነው። አልተበላም። የአለበል ልብ ዘለለች። መቼም ሰው ሲፈልግ የኖረውን ሲያገኝ ፊቱን መደበቅ አይችልም፤ ዋጋውን ለመከራከር እንኳ አፉ አልታዘዝ አለው።

በሬ ሳይራመድ አይገዛም፤ ማሽንም ሳይነሣ አይገዛም። የኔታ፣ እስኪ እናስነሣው አላቸው። መሪጌታ ፊታቸው ተለወጠ። አይሆንም አሉ። ለምን? አይሆንም። መብራት የለም እንዴ? መብራቱማ አለ። ታዲያ? አይሆንም። አለበል ጨነቀው። ቢቸግረው መንጋጋውን በእጁ አዞረው። ብረቱ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ።

ወዲያው ከቤቱ አንዲት ትልቅ ሴት፣ እጃቸው ዱቄት እንደለበሰ፣ እየሮጡ ወጡ። የመሪጌታ ባለቤት እትዬ አመተ ሥላሴ ናቸው።

"መጣ? ልጄ መጣ?"

መሪጌታ ከመቅጽበት መሐል ገቡ። ይኼ የእንዳላማው ጓደኛ ነው፣ ማሽኑን እይልኝ ብሎ ልኮት ነው የመጣ አሉ። አለበል እንዳላማውን በሕይወቱ አይቶት አያውቅም። አፉን ሊከፍት ሲል የመሪጌታ ዓይን ወደ መሬት ተተክሎ፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየ። የሚጸልዩ ይመስላሉ። እትዬ አመተ ሥላሴ ሁለቱን እጆቹን ይዘው፣ ጉንጩን ሳሙት፣ ደግመው ሳሙት። ስልኩ ለምንድን ነው የማይሠራ? አባቱ ያለበት አገር ኔትወርክ የለም ይለኛል፣ እውነት ነው? ደህና ነው ወይ?

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? "ደህና ነው" አለ።

ከሳ ወይ አሉት። ኧረ አልከሳም አለ። ለፋሲካ ይመጣል ወይ ሲሉት፣ እንጃ፣ ሥራ ይዞታል አለ። ሳይታሰብ የሰው ቤት ገብቶ የማያውቀው ሰው ጓደኛ ሆኖ አረፈው። እትዬ አመተ ሥላሴ ወደ ጓዳ ገብተው፣ በጥሩ የተቆላ፣ በወንፊት የተነፋ በሶ በከረጢት ቋጥረው አመጡ። "እጁ ላይ አድርስልኝ፣ በእናትህ" አሉት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ያ ከረጢት ግን ገና ከበር ሳይወጣ ከበደው።

በር ላይ መሪጌታን ያዛቸው። የኔታ፣ ይኼን ስንቅ ለማን ነው የማደርሰው አለ።

"ብላው።"

የሰው ስንቅ እንዴት እበላለሁ ሊል ሲጀምር፣ "ብላው ብዬሃለሁ" አሉና ፊታቸውን አዙረው ገቡ። ደፉ አደናቅፏቸው ግድግዳ ያዙ። ጾሙ ጎድቷቸው ነው ብሎ አሰበ።

ደብረ ማርቆስ ሲመለስ ለሚስቱ ለወለላ አንድ በአንድ ነገራት። ወለላ ነገር ገብቶኛል የምትል ሴት ናት፤ ሁሌም ይገባታል፣ በየሰዓቱ የሚገባት ግን ሌላ ሌላ ነው። መጀመሪያ ማሽኑ የስርቆት ነው አለች። ቀጥላ አባትና ልጅ ተጣልተው ነው፣ አባት ልጁን ከንብረቱ ሊነቅሉት ነው አለች። ማታ ደግሞ ልጁ ሳይነግራቸው ሚስት አግብቶ ይሆናል አለች። በሶው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሁለቱንም ያያቸው ነበር። ፈራ ተባ ሲሉ ቆይተው በኋላ በጥብጠው ጠጡት። ወለላ እንዲህ ያለ በሶ ጠጥቼ አላውቅም አለች።

ከዚያ በኋላማ የመሪጌታ ነገር ጭራሽ አልያዝ አለ። ቢደውል፣ በሰሞነ ሕማማት ስለ ንግድ አታናግረኝ አሉት። እሺ። ፋሲካ ዋለ፤ ቢደውል፣ ቆይ፣ እሷ ከቤት አትወጣም አሉት። እትዬ አመተ ሥላሴ ከቤት አለመውጣታቸውና ቶርኖ መሸጥ ምን አገናኘው? ሌላ ቀን ደግሞ፣ ልጄ ቢመጣ ባዶ ቤት እንዳያገኝ እያለች ቅዳሴ ሁሉ ቀርታለች አሉት። ዋጋውን ለማስወደድ ይሆናል፣ ጨምር ይሉኛል ብሎ ጠበቀ። አላሉትም። እንዲያውም ዋጋው ሲነሣ የሰለቻቸው ይመስላሉ። ዕቃውን መሸጥ የሚፈልግ፣ ገንዘብ የማይፈልግ፣ ቀን የማይቆርጥ ነጋዴ አጋጥሟችሁ ያውቃል?

ቢቸግረው ራሱ ሉማሜ ሄደ፣ ይታያል ሻይ ቤት። ቤቱ በሰው ሞልቶ ይጫወታል። አለበል ድምፁን ከፍ አድርጎ የመሪጌታን ልጅ፣ ባለ ቶርኖውን፣ የት ነው የሚገኘው ብሎ ጠየቀ።  አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አንድ ሰውዬ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ።

አለበል ደሙ ፈላ። የአባቱ ቃል ትዝ አለው፤ ቀጥቃጭ። ለካ እስከ ዛሬ የሚያጉላሉት ለዚህ ነው! የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ቤት ብረት ሠሪ ገብቶ እንዳይታይ ነው በጓሮ የሚያስገቡት። ይታያልን ወደ ውጭ ጎትቶ፣ ሰው አይደለሁም ወይ፣ ዓይኔ ሰው ይበላል ብላችሁ ነው ወይ የምትሸሹኝ ብሎ ጮኸበት። ይታያል ግን አልተቆጣም። እንባ ባቀረረ ዓይን አየው።

"ተው አለበል። አትጠይቅ። የኔታ ራሳቸው ይነግሩሃል።"

ይኼ ደግሞ ጨርሶ አደነጋገረው። ቀጥቃጭ ብሎ የሚንቅ ሰው ያለቅሳል እንዴ? የዚያን ሰሞን ሥራ በዝቶ ነበር፤ ተናዶ መነጽሩን ሳያደርግ በየደ፤ ዓይኑ አብጦ በማግስቱ ወለላ እየመራች ደጅ አወጣችው።

ግንቦት ላይ መሪጌታ ራሳቸው ደወሉ። እሑድ ቅዳሴ ልትሄድ በስንት ልመና እሺ ብላኛለች፤ እኔ ማኅሌት አድራለሁ፤ እሷ ከወጣች በኋላ መኪና ይዘህ ና፣ ሳትመለስ ጭነህ ውጣ፣ በሩን ክፍት አደርግልሃለሁ አሉት። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ዘጉት።

አለበል ደስ ሊለው ሲገባ ከፋው። እኚያ ሴት ሁለት ጊዜ ጉንጩን ስመውታል። በየቀኑ የሚወለውሉትን ዕቃ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቆ መጫን ምን ይባላል? ወለላም ነገሩ ገባት፤ የቤቱ እመቤት ሳታውቅ የወጣ ዕቃ ጦስ ነው፣ ነገ ሌባ ብትልህ ማን ምስክር ይሆንሃል አለችው። መከሩ። በመጨረሻም አለበል የመሰለውን ወሰነ፤ ሽማግሌ ይዞ፣ እትዬ አመተ ሥላሴ ለቅዳሴ ሳይወጡ ደርሶ፣ ማሽኑን ፊት ለፊት፣ በእሳቸው ፈቃድ፣ በሰው ፊት ሊረከብ። የንስሐ አባቱን አባ ገዳሙንና የሰፈሩን የእድር ዳኛ አያ ዓባይን ለመናቸው። ሁለቱም ለጽድቅ ነው ብለው እሺ አሉ።

በጨለማ ተነሡ። ብርድ ስለነበር ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል። አለበል መንገዱን ሙሉ ሆዱ ቀሎት ነበር። ግራ ሲጋባ የከረመ ሰው አንድ ቀጥ ያለ ነገር ሲሠራ ደስ ይለዋል። ሉማሜ ሲደርሱ ሰማዩ ገና ወገግ ማለቱ ነው። ሰው እንዳይረበሽ መኪናውን አስፋልቱ ላይ ትተው በእግራቸው ገቡ። አባ ገዳሙ መስቀላቸውን ይዘው፣ አያ ዓባይ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አለበል ከኋላቸው፣ በር ላይ ቆሙ። በጨዋ ደንብ አንኳኩተው ዝም አሉ።

እዚህ ላይ የሚያነብ ሁሉ አለበልን አንተ ጅል ሳይለው አይቀርም። በአገራችን ሳይነጋ፣ ጋቢ ለብሰው፣ ካህን አስቀድመው፣ ደጅ ላይ ድምፅ ሳያሰሙ የሚቆሙ ሽማግሌዎች ለምን እንደሚመጡ ሕፃን ያውቃል። አለበልም ያውቃል። የራሱን እናት መርዶ የሰማው እንዲሁ ነበር። ያን ማለዳ ግን ልቡ ውስጥ የነበረው ቶርኖ ብቻ ነው።

በሩን የከፈቱት እትዬ አመተ ሥላሴ ናቸው፤ ለቅዳሴ ነጭ ለብሰው፣ መጥረጊያ ይዘው። አባ ገዳሙን አዩ። አያ ዓባይን አዩ። መስቀሉን አዩ። መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ። ቀስ ብለው ወደ አለበል ዞሩ።

"ደህና ነው ብለኸኝ ነበር እኮ።"

እትዬ፣ ለማሽኑ ነው የመጣነው ሊል ፈለገ።  ሽማግሌዎቹ ይናገሩ ብሎ ወደ አባ ገዳሙ ዞረ። አባ ገዳሙ በዕድሜያቸው ብዙ መርዶ የነገሩ ሰው ናቸው፤ የሴትዮዋን ፊት ሲያዩ ገብቷቸው፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። ይኼኔ እትዬ አመተ ሥላሴ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ አደረጉ፤ ጮኹ። አለበል እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቶ አያውቅም።

ጎረቤቱ ከየቤቱ ፈሰሰ። ለምን ጮኹ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው የለም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወገባቸውን ታጥቀው፣ ሲጠብቁ እንደነበሩ ሁሉ እያለቀሱ ገቡ። ይታያል አጥሩን ተደግፎ እየተንሰቀሰቀ ነገረው። እንዳላማው በጾሙ መሐል፣ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ መኪና ተገልብጦ ሞቷል። መሪጌታ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ አለብኝ ብለው ሄደው ልጃቸውን ቀብረው ተመልሰዋል። እሷ የደም ግፊት አለባት፤ አሁን ብትሰማ እሷንም አጣታለሁ፤ በሕማማት አይሆንም፤ ለፋሲካ ጾሟን ትፍታ፤ እያሉ ሲገፉት ቆዩ። ቶርኖውን ሊሸጡ የፈለጉት ከመርዶው በፊት ከዓይኗ ይራቅ፣ ኋላ ላዩ ላይ ወድቃ እንዳትሞት ብለው ነው። ሉማሜ በሙሉ ያውቅ ነበር። ያላወቁት እናቱና ገዢው ብቻ ናቸው።

አለበል በሶው ትዝ አለው። ለሞተ ሰው የተላከ ስንቅ በልቷል። የሞተ ሰው ደህና ነው ብሏል፤ አልከሳም ብሏል።

መሪጌታ ጩኸቱን ሰምተው ከቤተ ክርስቲያን እየሮጡ መጡ። አለበልን ሲያዩ መቋሚያቸውን ወደ ላይ አነሡ። ከወጣች በኋላ አላልሁህም ወይ አሉት። አለበል አልሸሸም፤ ቢመቱት ደስ ባለው ነበር። መሪጌታ ግን መቋሚያውን ጥለው እሱው ትከሻ ላይ ወድቀው አለቀሱ። ከቀብሩ ጀምሮ ያፈኑት ነው፤ ቶሎ አላባራም።

አለበልና ሽማግሌዎቹ ሠልስት እስኪወጣ ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሐል የአለበል ዓይን ወደ ቆርቆሮው ዳስ መሄዱ አልቀረም። በራሱ አፈረ። የሰው ልጅ ሞቶ፣ ዓይኔ፣ ቶርኖዬ ይላል! ስለ ማሽኑ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተመለሰ። ወለላ ምነው ብትለው፣ ያ ነገር አብቅቷል አላት። መነጽሩን አጥብቆ እያሰረ ብየዳውን ቀጠለ። ዓይኑ ግን አልሰማውም፤ ክረምቱ ሲገባ የበሩን ማጠፊያ በዳሰሳ ያገኝ ጀመር።

ሐምሌ ላይ እትዬ አመተ ሥላሴ ራሳቸው ደወሉ። ና ብቻ አሉት።

ጥቁር ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ዳሱ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። መሪጌታ ከቤቱ ደፍ ላይ ናቸው፤ ወደ ዳሱ አልገቡም። ባልና ሚስቱ ከመርዶው ወዲህ ያስፈለገውን ያህል ብቻ እንደሚነጋገሩ ይታያል ነግሮታል። አለበል ሊሰደቡኝ ነው የጠሩኝ ብሎ አሰበ፤ ስድቡንም ሊቀበል ተዘጋጅቶ ቆመ።

"በሶውን ምን አደረግኸው?"

"በላነው፣ እትዬ።"

"ጣፈጠ?"

 እውነት ነው፣ ጣፍጧል። "ጣፍጧል" አለ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሳያለቅሱ፣ በዝግታ ተናገሩ።

"ለፋሲካ ዶሮ ሠርቼ፣ የሱን ድርሻ አስቀምጬ በላሁ። ሳቅሁ። ሁሉም እያወቀ አብሮኝ በላ። አንተ ሳታውቅ ዋሸኸኝ፣ ሳታውቅም ነገርኸኝ። ባትመጣ ኖሮ እስከ ዛሬ እየጠበቅሁት ነበር። ማሽኑን ውሰደው፤ ግን አስቀድመህ አስነሣልኝ። የቀረኝ የልጄ ድምፅ ይኼ ብቻ ነው።"

አለበል ማብሪያውን ተጫነ። ጸጥ። መብራት የለም። ክረምት ነው፣ ዝናብ ነው፣ ማን ይወቀሳል? በእጁ ቢያዞረው፣ እንደዚህ አይደለም ድምፁ አሉት። እንጠብቅ አሉ። ጠበቁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ አለበል ምን ይዞ እንደሚጫወት ግራ ገብቶት ሐዲዱን በጨርቅ ይወለውላል። ሲቆይ መሪጌታ ከደፉ ተነሥተው፣ በዝናቡ አቋርጠው መጡ፤ ዳሱ አፍ ላይ ቆሙ። እትዬ አመተ ሥላሴ ቀና ብለው አዩአቸው። ብዙ አዩአቸው። ከዚያ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

መብራቱ ሲመጣ ሦስቱም ደነገጡ። ቶርኖው ተነሣ። ሳይንገጫገጭ፣ ወጥ በሆነ ድምፅ ያጉረመርም ጀመር፤ ጤነኛ ማሽን ነው፣ አለበል በአንዴ አወቀው። እትዬ አመተ ሥላሴ መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አኖሩ። አላለቀሱም። መሪጌታ ናቸው ያለቀሱት።

"በቃ፣ አጥፋው" አሉ ኋላ። "አንተ ቀብረኸዋል። እኔም ዛሬ ቀበርሁት።" ይኼን ያሉት ለባላቸው ነው።

ጎረቤት ተጠርቶ፣ ማሽኑ በግንድ እየተንከባለለ መኪና ላይ ወጣ። እትዬ አመተ ሥላሴ ነጠላውን ራሳቸው አለበሱት። አለበል ሊሰናበታቸው ጎንበስ አለ። እግዜር ያጥናዎ ይበል ወይስ እግዜር ይስጥልኝ፣ የቱ ለየትኛው እንደሆነ ጠፋው። ሁለቱንም አላቸው። እሳቸውም ለሁለቱም አንድ አሜን ብለው፣ በሶ የተቋጠረበት ከረጢት አስያዙት፤ በሩንም ዘጉ።